ቀኑ ሲያጥር፦ በመጸው ወራት የቤተሰብንና የትምህርት ቤት ሠራተኞችን ጤንነት መጠበቂያ

በመጸው ወራት ሁለት ነገሮች ይገጣጠማሉ፤ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ቀኑም ማጠር ይጀምራል። ከምድር ወገብ ርቆ ለሚኖር ሰው ለውጡ ትንሽ አይደለም። ለምሳሌ በሰሜን 40 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ የቀኑ ርዝመት በየዕለቱ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ስለሚቀንስ በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ብርሃን ይጎድላል። የቤት ሥራው፣ ስብሰባውና የፈተና እርማቱ ግን ከብርሃኑ ጋር አብረው አይቀንሱም። ወላጅም መምህርም «ምን ሆኜ ነው እንዲህ የሚደክመኝ?» ማለት የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ለዚህ ድካም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ራስህን አስደስት» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ ባይሆንም፣ በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለባቸው እንቅልፍን ማስመለስ፣ የጠዋት ብርሃን ማግኘትና ከዕለቱ ሥራ ላይ አንድ ነገር መቀነስ ናቸው።

የሁሉም መነሻ እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው፤ ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስሌቱን ከመኝታ ሰዓት ሳይሆን ከመነሻ ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሥራት ይሻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳት ያለበት የስምንት ዓመት ልጅ 10 ሰዓት እንዲተኛ ከተፈለገ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ወስዶት መገኘት አለበት። ይህም ማለት መታጠቡ፣ ቦርሳውን አዘጋጅቶ በር አጠገብ ማስቀመጡና ስልክና ቴሌቪዥን ማጥፋቱ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በፊት መጀመር አለበት ማለት ነው። በዕረፍቱ ወራት ማምሸት የለመደን ልጅ በአንድ ሌሊት መመለስ አይቻልም፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ የመኝታውንም የመነሻውንም ሰዓት 15 ደቂቃ እያስቀደሙ ማምጣት ግን ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ የመነሻ ሰዓቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ከዘገየ የሳምንቱ ድካም ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። አንዱን እግሩን ካልሲ አጥልቆ፣ ሌላኛውን ካልሲ በእጁ እንደያዘ ፈዝዞ የተቀመጠ ልጅ ጠዋት በር ላይ ሲታይ፣ ቁጣ ከመምጣቱ በፊት ያለፉትን ሦስት ሌሊቶች የመኝታ ሰዓት ማስታወስ ይገባል።

እንቅልፍን በሰዓቱ የሚያመጣው ግን መኝታ ብቻ ሳይሆን የጠዋት ብርሃን ጭምር ነው። የሰውነታችን ሰዓት በዋናነት የሚስተካከለው ዓይን በሚያገኘው ብርሃን ሲሆን፣ ጠዋት የሚገኘው ብርሃን ማታ እንቅልፍ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ያግዛል። የመማሪያ ክፍልና የቢሮ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ የሚችል ቤተሰብ ቢሄድ፣ በመኪና የሚሄድም ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ቀሪውን መንገድ ቢራመድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ብርሃን ያገኛል። የዕረፍት ሰዓት ተረኝነትን የሚወድ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ጨለማ ሳለ ገብቶ ጨለማ ሲሆን ለሚወጣ ሠራተኛ ግን በግቢው ውስጥ የሚቆምባት ሩብ ሰዓት የቀኑ ብቸኛ ብርሃን ልትሆን ስለምትችል፣ በግድግዳ ጥግ ስልክ እያዩ ከማሳለፍ እየተራመዱ ቢያሳልፏት ይጠቅማል።

ልጆች በተዘጋ ክፍል ሲሰበሰቡ ጉንፋን አብሮ ይሰበሰባል። አስም ያለባቸው ልጆች ትምህርት ከተከፈተ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመሙ እንደሚበረታባቸው በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ዋነኛው ምክንያት የጉንፋን ቫይረስ ሲሆን፣ በዕረፍቱ ወቅት መከላከያ መድኃኒቱ መቋረጡም ይጨመርበታል። በመሆኑም ሐኪም ያዘዘው በየቀኑ የሚወሰድ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ትምህርት ከመከፈቱ ከሳምንታት በፊት ያለማቋረጥ መወሰድ አለበት፤ ሕመሙ ሲነሳ የሚወሰደው ፓፍ ደግሞ ከአጠቃቀም መመሪያው ጋር በትምህርት ቤት መቀመጥ አለበት። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለሰውነት በቂ መከላከያ የሚሰጠው ከተወሰደ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ በሽታው ከመሰራጨቱ በፊት መከተብ ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት የሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ልጅ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መከተብ ስላለበት፣ ለእርሱ ቀጠሮው ከዚያም ቀድሞ ቢያዝ ይመረጣል።

የተቀረው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ እጅን በሳሙና ለ20 ሰከንድ መታጠብ፣ በየክፍለ ጊዜው መካከል መስኮት መክፈት። ትኩሳት የነበረበት ልጅ ያለ ትኩሳት ማስታገሻ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ካልቆየ ወደ ክፍል አይመለስ። ጠዋት ማስታገሻ አስውጦ መላክ ችግሩን እስከ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ከማራዘም ያለፈ ጥቅም የለውም። ጉንፋን የቫይረስ በሽታ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም፤ ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን መስጠት አደገኛ ነው።

ስለ መምህራን ጤና ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ድምፅ ነው። የሴት መምህርት የድምፅ አውታሮች ስትናገር በሰከንድ ወደ 200 ጊዜ ገደማ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ በዚያ ላይ በጉንፋን አብጠው ሳለ በጩኸት ማስተማር ሲጨመር ጉዳቱ ይከፋል። የደከመ ድምፅ የሚያርፈው በዝምታ እንጂ በሹክሹክታ አይደለም፤ የሹክሹክታ ንግግር አውታሮቹን ይበልጥ ሊያስጨንቅ ይችላል። በየደቂቃው «እህ፣ እህ» እያሉ ጉሮሮን መጠራረግም እንዲሁ ስለሚጎዳ፣ ያ ስሜት ሲመጣ ውኃ መጎንጨት ይሻላል። ክፍሉን ዝም ለማሰኘት በድምፅ ፋንታ ማጨብጨብ ወይም መብራት ማጥፋትና ማብራት ይቻላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እስካሁን ያልነው በየግለሰቡ እጅ ያለ ነው፤ የቀረው በርዕሰ መምህሩ እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣን መዛል በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመነጭ ክስተት አድርጎ ገልጾታል፤ ይህም መፍትሔውን በሠራተኛው ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ልክ እንዳልሆነ ያሳያል። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር የዋለን ሰው ከሥራ ሰዓት በኋላ አስቀርቶ ስለ ጭንቀት አያያዝ ገለጻ መስጠት፣ ገለጻው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ጭንቀቱን መጨመር ነው። ከዚያ ይልቅ በወር ሁለት የነበረውን ስብሰባ አንድ ማድረግ፣ ወላጆች መልእክት የሚልኩበትንና መምህራን የሚመልሱበትን ሰዓት መወሰን፣ እርማት የሚበዛበትን ሳምንት ከወላጆች ስብሰባ ሳምንት መለየት ይጠቅማል። ይህ ሲታሰብ የጽዳት፣ የጥበቃና የመመገቢያ ክፍል ሠራተኞች መረሳት የለባቸውም፤ ከሁሉ ቀድመው የሚገቡትና የጠዋቱን ጨለማ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። ቤተሰብም በበኩሉ ከልጁ የሳምንት መርሐ ግብር ላይ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ወይም ልምምድ ቢቀንስ የአንድ ምሽት እንቅልፍ ያተርፋል።

ሁሉም ድካም ግን በዚህ አይፈታም። በየዓመቱ በመጸው ወይም በብርዱ ወቅት መግቢያ የሚጀምር፣ ብርሃን ሲመለስ የሚለቅ የድብርት ዓይነት አለ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 በሕክምና ጽሑፍ ገልጸውታል። ብዙ መተኛት፣ ጣፋጭና ስታርች ያለበት ምግብ አብዝቶ መፈለግና ከሰው መራቅ ዋና ዋና ምልክቶቹ ሲሆኑ፣ በልጆች ላይ ከሐዘን ይልቅ ንጭንጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስሜቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀና ሥራን ወይም ትምህርትን ካሰናከለ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ዕለት፣ ሳይውል ሳያድር። ከሕክምናዎቹ አንዱ ጠዋት ጠዋት 10,000 ሉክስ በሚሰጥ መብራት አጠገብ ለ30 ደቂቃ ያህል መቀመጥ ሲሆን፣ የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት በድብርትና በከፍተኛ መነቃቃት መካከል የሚዋዥቅበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊጀምረው አይገባም። ለቀጠሮው ሲኬድ ስሜቱ ባለፈው ዓመትና ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በየትኛው ወር እንደጀመረና በየትኛው ወር እንደለቀቀ በወረቀት ጽፎ መያዝ የሐኪሙን ሥራ በእጅጉ ያቀልለታል።