ከቤተሰብ ግሩፕ የሚመጣ ወሬን እንዴት እንመልስ?

መጋቢት 2012 ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ ገና ሁለት ቀኑ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አክስቴ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ ተነስ! ፌጦ በሎሚ በጥብጠህ ጠጣ። ሳይነጋ ነው አሉ የሚሠራው።»

«ማን አለ እትዬ?»

«ሰው ሁሉ ነዋ!»

በማግስቱ ገበያ ስወጣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አልቀመስ ብለዋል። እኔም የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እትዬ፣ ይሄ ውሸት ነው፣ ሰው አያሳስቱ» ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ ሰው እያየ። አክስቴ አኮረፉኝ፤ ወሬው ግን ቀጠለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰውየው ምን እንደፈራ እወቁ። ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ወሬ የሚበረታው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው ብለዋል፦ ጉዳዩ ለሰሚው ትልቅ ሲሆንና እርግጡ ሳይታወቅ ሲቀር። አክስቴን እዩዋቸው። አንዷ ልጃቸው ቤይሩት፣ አንዱ ሐዋሳ። መድኃኒት የለም። እጃቸው ላይ ያለው ፌጦ ነው፤ ፌጦ ደግሞ እናታቸውም ለሆድ ቁርጠት የሰጠቻቸው ነው። በእኩለ ሌሊት የደወሉት ስለሚወዱኝ ነው። ብዙ ወሬ የሚዞረው እንዲህ ነው፣ ለክፋት ሳይሆን «ወገኔ ሳይሰማ እንዳይቀር» ተብሎ።

ስለዚህ ለብቻ ደውሉ። ሰው ፊት የተነካ ሰው የሚከላከለው ወሬውን ሳይሆን ክብሩን ነው። «ከማን ሰሙት? እሷስ ከማን ሰማች?» በሉ፣ ለማወቅ በሚፈልግ ድምፅ። ሦስተኛው ሰው ላይ ብዙ ጊዜ «እንጃ» ይመጣል። እሱን ራሳቸው ይበሉት።

ውሸቱን ደጋግማችሁ አታንሱ። ደጋግመን የሰማነው ነገር እውነት እየመሰለን እንደሚሄድ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙከራ ታይቷል። እውነቱን አስቀድሙ፣ ወሬውን አንዴ ብቻ ጥቀሱ፣ እንደገና ወደ እውነቱ ተመለሱ።

ወሬው ሰው ላይ ጣት የሚቀስር ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ትዕግሥት አይሠራም። በ2011 ጥቅምት፣ አማራ ክልል አዲስ ዓለም ከተማ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ መጡ በሚል ወሬ በሕዝብ ተገደሉ። ልጆቹን የሚያድን ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሳችሁ ወደ ማንም አታስተላልፉ። ሕዝቡ ለሚሰማው ሰው ወዲያው ደውሉ፦ ለቀበሌው፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ለአካባቢው ሽማግሌ፣ ለፖሊስ።

ለፈራ ሰው ደግሞ የሚሠራው ነገር ስጡት። ፌጦውን ብቻ ቀምቶ ባዶ እጁን መተው አይሆንም። ከሳምንት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ አክስቴ ቤት ሄድኩ። 8335 የኮሮና ነፃ መስመር መሆኑን ነግሬ ቁጥሩን በትልቁ ጻፍኩላቸው። «እትዬ፣ ግሩፑ ላይ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እርስዎን ነው የሚሰሙት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ የድምፅ መልእክት ላኩ። ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ ያልሰማ እንዳይኖር።