የቨርጂኒያን የፍሪሜሰን ሕንፃ እንዴት ታነቡታላችሁ?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ወጣ ስትሉ ኮረብታው ላይ የተገተረ ባለ 333 ጫማ ግንብ አለ። ከሀገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ያ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። «የፍሪሜሰኖች ነው፣ የራሳቸው ምልክትና ሥርዓት ያላቸው የወንዶች ማኅበር» ካልኩ ማማተብ ይጀመራል። የኔ ምክር፦ ከመፍራታችሁ በፊት አንብቡት።

መጀመሪያ ምልክቱን ፈልጉ። አባቴ ግንበኛ ስለነበር እኔ አልተቸገርኩም፤ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና ኮምፓስ (ክብ መሥሪያ) ነው። መሃላቸው ላይ ያለችው «ጂ» ፈረንጆቹ እግዚአብሔርንም ጂኦሜትሪንም የሚጽፉባት ፊደል ናት። በትንንሽ ከተሞች ሎጁ፣ ማለትም የአባላቱ መሰብሰቢያ፣ ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ነው፣ ምድር ቤቱን ለሱቅ ያከራዩታል። ስለዚህ ቀና ብላችሁ እዩ። ከስሙ አጠገብ «ፒ.ኤች.ኤ.» ከተጻፈ የፕሪንስ ሆል ሎጅ ነው፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን። ፕሪንስ ሆል የሚባለው ጥቁር ሰው ቦስተን ውስጥ በ1775 አባል ሆነ። የራሱን ሎጅ ፈቃድ ግን በ1784 ያገኘው ከእንግሊዝ ነው። እዚሁ ያሉት ነጮች በር ዘግተውበት ነበራ።

ቀጥሎ የማዕዘን ድንጋዩ። በልማዳቸው በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነው የሚያስቀምጡት፤ እህል፣ ወይንና ዘይት ያፈሱበታል። የተቀረጸው ዓመት 5 ሺህ ምናምን ቢል አትደናገጡ። 4000 ቀንሱለት፣ የፈረንጁን ዓመት ይሰጣችኋል። ለምሳሌ 5785 ማለት 1785 ነው። ለፈረንጅ ይህን ማስረዳት ጣጣ ነው፤ ለኛ ግን ዓመተ ዓለም ብሎ ማለፍ ይበቃል። እኛ 5500 ስንጨምር እነሱ 4000 ይጨምራሉ፣ በቃ።

አሁን ወደ ኮረብታው እንሂድ። ግንቡ ለጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ የተሠራ ነው። ሰውየው በ20 ዓመቱ፣ በ1752፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ፍሬድሪክስበርግ ውስጥ ፍሪሜሰን ሆኗል። የግንቡ የማዕዘን ድንጋይ በ1923 ተቀምጦ ሕንፃው በ1932 ተመረቀ። ቅርጹ የተወሰደው ከግብጿ እስክንድርያ የጥንት መብራት ቤት ነው፤ የከተማዋም ስም እኮ ያው ነው። ላይ ድረስ የሚያወጣው ጉብኝት በክፍያና በአስጎብኚ ነው። ሰዓቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ እኔ አንዴ እንግዳ ይዤ የመጨረሻው ጉብኝት ካለፈ በኋላ ደርሼ አፍሬያለሁ። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ከሜትሮው ቅርብ ቢሆንም ዳገት ነው።

አክስቴን የወሰድኳት ቀን ደረጃው ላይ ቆማ «አልገባም» አለች። «እትዬ፣ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ታሪክ ነው የሚተርኩት። ያቁምና በለዝ የሚባሉትን ዓምዶች፣ ኪራምን» አልኳት። መጽሐፈ ነገሥትን ስለምታውቅ ትንሽ ለዘብ አለች፣ ገባች። ላይ ካሉት ክፍሎች በአንዱ የቃል ኪዳኑ ታቦት አምሳያ ተቀምጧል። እሱን ስታይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፤ ከዚያ በጆሮዬ «ዋናው አክሱም መሆኑን ነግራችኋቸዋል?» አለችኝ። አስጎብኚው ምን አለች ሲለኝ ሕንፃው ደስ ብሏት ነው አልኩት።

አባል መሆን የሚፈልግ ካለ ሎጅ ሄዶ ራሱ ይጠይቃል፤ በልማዱ መጥተው አይለምኑህም። ወንድ መሆንና በፈጣሪ ማመን ግድ ነው። እኔ አልገባሁም፤ በዕድርና በዕቁብ ስብሰባ ብቻ እሑዴ አልቋል።

ከመውጣታችሁ በፊት የዋሽንግተንን የመኝታ ቤት ሰዓት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት ሐኪሙ ዶክተር ኤሊሻ ዲክ፣ እሱም ፍሪሜሰን ነው፣ መኝታ ቤቱ የነበረችውን ሰዓት አቆማት። 10:20 ላይ ናት። አክስቴ ጠጋ ብላ አየቻትና «በኛ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ሌሊት» አለች።