ለተራራ አልትራ ማራቶን ስትዘጋጁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሩጫ ሁሉ አልትራ ማራቶን ይባላል። 50 ኪሎ ሜትር አለ፣ 100 አለ፣ 160ም አለ። ሐዋሳ ለዚህ ልምምድ የታደለች ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ የሐይቅ ዳር ሜዳ አላት፣ ታቦርና አላሙራ የተባሉት ተራሮችም ቅርብ ናቸው። ችግሩ ብዙዎቻችን ሳንባችንን ብቻ እናሠለጥናለን። ከአምስትና ስድስት ሰዓት ሩጫ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚከዱት ጭንና ሆድ ናቸው።

ኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚሮጥ 20 ኪሎ ሜትርና አላሙራ ላይ ወጥቶ በመውረድ የሚሞላ 20 ኪሎ ሜትር አንድ አይደሉም። በተራራ ልምምድ ሰዓቱንና የወጣችሁትን ከፍታ መዝግቡ። ርቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቁልቁለቱን መርሳት

ይህ ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። ዳገቱን ታግለን እንወጣለን፣ ቁልቁለቱን ግን እንደ እረፍት እንቆጥረዋለን። ስንወርድ የፊት ጭናችን ጡንቻ እንደ መኪና ፍሬን ይሠራል። እየተለጠጠ ክብደታችንን ይይዛል፣ በዚያው ውስጡ በጥቂቱ ይጎዳል። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ጡንቻው ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ በልኩ ከተጎዳ በኋላ ለሳምንታት የተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ ከታቦር ጀምሩ። እርምጃችሁን አሳጥራችሁ፣ ጉልበታችሁን ለስለስ አድርጋችሁ ውረዱ። ሳይከብዳችሁ ሲቀር ወደ አላሙራ ሂዱ። የመጨረሻው ከባድ ቁልቁለት ከውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ይሁን።

ዳገት ላይ መራመድን እንደ ሽንፈት ማየት

በትራክና በአስፋልት ጀግኖች ስላደግን መራመድ ያሳፍረናል። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ጎበዝ የተራራ ሯጮችም ይራመዳሉ። ትንፋሽ ይቆጥባል፣ ፍጥነቱም ብዙ አይለይም። ፈጠን ብሎ ዳገት መራመድ ራሱን የቻለ ልምምድ ነውና ተለማመዱት።

ሆድን አለማሠልጠን

ሰውነታችን ያከማቸው ስኳር ለጠንካራ ሩጫ ሁለት ሰዓት ቢያደርሰን ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስኬደን የምንበላው ነው። ነገር ግን ስንሮጥ ደሙ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ሆድ ምግብ አልቀበልም ይላል። ማቅለሽለሹ የሚመጣው በዚህ ነው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው። በረጅሙ ሩጫችሁ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ብሉ። ሳይርባችሁ ጀምሩ። በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ተምር፣ ጨው ነስነስ የተደረገበት ቅቅል ድንች ሁሉም ጥሩ ናቸው። በውድድሩ ቀን አዲስ ምግብ አትሞክሩ።

የኦርቶዶክስ ጾም የምትጾሙ ከሆነ ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜ ወይም እሁድ አዙሩት። ከቅዳም ስዑር በቀር በእነዚህ ቀናት ጠዋት መብላት ይቻላል፤ የጠቀስኳቸውም ምግቦች የጾም ናቸው።

ውሃ ብቻ መጋት

ለረጅም ሰዓት ያለልክ ውሃ የጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንበታል። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ግራ መጋባት ከታየ አደገኛ ነው፣ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሲጠማችሁ ጠጡ እንጂ በግድ አትጋቱ። ከምትበሉት ጋር ጨው አይጥፋ። በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ኦአርኤስም ይረዳል።

በመጨረሻው ሳምንት ያመለጠን ለማካካስ መሞከር

አይካካስም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ርቀቱን ቀንሱ፣ በደንብ ተኙ። ጫማም ያኔ አይቀየርም። ሲገዛ ግን እግር በረጅም ሩጫ እንደሚያብጥ አስቡና ጣት ጋ ትንሽ ቦታ ተዉለት።

ማስታገሻ ውጦ መሮጥ

አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ውጠው የሚነሱ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ላብ ውሃችሁን ሲጨርስና ጡንቻ ሲጎዳ ኩላሊት ቀድሞውኑ ጫና ውስጥ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሱበታል። በሩጫ መሃል ወይም ከሩጫ በኋላ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ሩጫውን አቁሙና በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።