የኮርቬትን የዘይት ግፊት ሴንሰር ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ1997 እስከ 2004 ሞዴል ያለው አምስተኛው ትውልድ ሸቭሮሌ ኮርቬት ባለቤቶቹን ደጋግሞ ከሚያስደነግጥባቸው ነገሮች አንዱ የዘይት ግፊት ጌጁ፣ ማለትም ግፊቱን ለሹፌሩ የሚያሳየው መለኪያ ነው። ሞተሩ ያለ አንዳች እንግዳ ድምፅ እየሠራ ሳለ ጌጁ በድንገት ዜሮ ላይ ይወድቃል፤ አለዚያም 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ ወጥቶ ይደርቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ግፊቱን ለክቶ ለጌጁ የሚልከው ሴንሰር ራሱ ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን ይህንኑ «ብዙ ጊዜ» እንደ «ሁልጊዜ» መቁጠር ነው። ጌጁ ዜሮ ካሳየ በመጀመሪያ ሞተሩን ማጥፋትና የዘይቱን መጠን ማየት ይገባል፤ የሚያንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ደግሞ እውነተኛው ግፊት እስኪለካ ድረስ ዳግመኛ ማስነሳት አይገባም፤ ያለ ዘይት ግፊት የሚዞር ክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞርባቸውን ቤሪንጎች ለመብላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋልና። ለመለካት ሴንሰሩን መንቀል ግዴታ አይደለም። ከዘይት ፊልተሩ በላይ በ2 ቡሎኖች የታሰረችውን ትንሽ ክዳን ለጌጅ ማሰሪያ ቀዳዳ ባላት ክዳን ተክቶ ሜካኒካል ጌጅ መግጠም ይቻላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ 1000 ዙር ላይ ቢያንስ 6፣ በ2000 ዙር 18፣ በ4000 ዙር ደግሞ 24 ፒኤስአይ ካለ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ሴንሰሩን መጠርጠር የሚገባው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሽቦውን ሶኬት ሳያዩ አዲስ ሴንሰር መግዛት ነው። ከ3ቱ ሽቦዎች በአንዱ 5 ቮልት መኖሩን፣ የመሬቱም ሽቦ አለመቋረጡን በመልቲሜትር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሶኬቱ ውስጥ ዘይት ከተገኘ የሴንሰሩ ውስጥ ተቀዷል ማለት ነውና ሌላ ምርመራ አያሻም።

ሴንሰሩ ከሞተሩ በስተኋላ፣ አየርን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ጀርባ ተደብቋል። ይህ ቦታ ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ማኒፎልዱን ላለመፍታት ሲሉ ሴንሰሩን በፒንሳ አንቀው የሚያዞሩ ሰዎች አናቱን ሰብረው ብረቱን እዚያው ያስቀሩታል። ማኒፎልዱን መፍታትና ለ27 ቁጥር ረጅም ሶኬት ቁልፍ ቦታ መስጠት፣ በእኔ ግምት፣ በመጨረሻ ጊዜ ይቆጥባል። ከመፍታት በፊት ባትሪውን መንቀልና የነዳጁን ግፊት ማስተንፈስ፣ አካባቢውን ከአቧራና ከአሸዋ ማጽዳት፣ ከተፈታም በኋላ የ8ቱን ሲሊንደር ቀዳዳዎች ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ መድፈን ይገባል፤ እዚያ የገባች አንዲት ቡሎን ቴስታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ታስፈታለች። በዚሁ አጋጣሚ ከማኒፎልዱ ሥር የሚገኙትን 2 የኖክ ሴንሰሮች (የሞተሩን መንኳኳት የሚያዳምጡ) ውኃ ገብቶ ዝገት እንዳልበላቸው ማየት ብልህነት ነው፤ ሁለተኛ ለመፍታት የሚወድ የለም።

በአዲሱ ሴንሰር ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠምጠም የቧንቧ ሠራተኛ ልማድ ነው። የተበጣጠሰው ቴፍሎን ወደ ዘይት መተላለፊያው ሊገባ ይችላል፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ማሸጊያው አስቀድሞ ተቀብቶባቸው ስለሚመጡም አያስፈልግም። ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) አሉሚኒየም በመሆኑ ሴንሰሩን በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ይበላል፤ 20 ኒውተን ሜትር በቂ ነው።

የማኒፎልዱን አሮጌ ጋስኬት መልሶ መግጠምም የተለመደ ስስት ነው። ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ስለሆነ ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ መጀመሪያ በ5 ከዚያም በ10 ኒውተን ሜትር፣ በሁለት ዙር ይጠብቃሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ቤንዚን ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ ዙሩ ከፍና ዝቅ ካለ አየር እየገባ ነው፤ ጥፋቱም ከሴንሰሩ ሳይሆን ከጋስኬቱ ይፈለጋል።