የብረት በር ልታሠሩ ወይ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ፍሬሙን እዩ

ብዙ ሰው በር ሊገዛ ሲሄድ ቀለሙንና ዲዛይኑን ነው የሚያየው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ሌባ የገባብን ቀን ጠዋት ስናይ በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉ አልተነካም፣ ፍሬሙን ከነ በሩ በድጅኖ ከብሎኬቱ ፈልቅቀው ነው የገቡት። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ በአጭር ብሎን ብቻ የተያዘ ፍሬም አይችልም። ስለዚ በሩ ግራና ቀኝ ያለው ብሎኬት በኮንክሪት ይሞላ፣ ፍሬሙ ላይ ደሞ በየጎኑ ቢያንስ ሦስት ቦታ ቁራጭ ፌሮ ተበይዶ ኮንክሪቱ ውስጥ ይግባ። ገጣሚዎቹ ክፍተቱን በፎም ብቻ ሞልተው ሊሄዱ ሲሉ እባካችሁ እንዳትለቋቸው።

ሌላው በሩን የሚያለብሰው ስስ ብረት፣ ላሜራው ነው። ሻጩ አንድ ሚሊ ነው ይላችኋል፣ ከተቀባ በኋላ ግን በአይን አይለይም፣ እኔ የማምነው ሚዛን ነው። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 1 ሚሊ ላሜራ 7.85 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚ 90 በ210 ሳንቲም የሆነ በር ሁለቱም ፊቱ በ1 ሚሊ ከተሠራ ላሜራው ብቻ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፣ ቱቦላሬው (አጥንቱ የሆነው ውስጡ ክፍት ብረት) እና ቁልፉ ሲጨመር ደሞ ከዛ በላይ ነው። ያለፍሬሙ አስመዝናችሁት ጠቅላላው 25 ኪሎ ከመጣ አንድ ሚሊ አይደለም፣ ተዉት። ለውጪ በር ከ1 ሚሊ በታች ባትወስዱ ነው የምመክረው፣ አቅም ካለ 1.5። ውስጡን በካርቶን የሚሞሉትም አሉ፣ ካርቶን እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል።

ቁልፍ ላይ ሲሊንደሩ (መክፈቻው የሚገባበት ክፍል) ከሽፋኑ ከ2 ወይ 3 ሚሊ በላይ ወደ ውጪ እንዳይወጣ፣ ከወጣ በፒንሳ ይዘው ይሰብሩታል። በሩ ወደ ውጪ የሚከፈት ከሆነ ማጠፊያው ደጅ ይቀራል፣ ቢቆረጥ እንኳን በሩ እንዳይነቀል በማጠፊያው በኩል ፍሬሙ ውስጥ የሚገባ ጥርስ አስበይዱበት።

በያጅ ጋ የምታሠሩ ከሆነ ሳይቀባ በፊት ሄዳችሁ እዩት፣ ብየዳው ላይ ያለው ቅርፊት ረግፎ በሽቦ ብሩሽ መጠረግ አለበት፣ ከዛ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ዙር። ቅርፊቱ ላይ ከቀቡት አንድ ክረምት ሳይሞላው ቀለሙ ይላጣል። ዝገት የሚጀምረው ከታች ነው፣ ውሃ የሚያቁረው እዛ ነዋ፣ ስለዚ ከስር ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አስበሱለት፣ ጎንበስ ብላችሁም የታችኛውን ጠርዝ እዩት፣ አንቲረስት ካልነካው በሩ ከመጫኑ በፊት እዛው ቆማችሁ አስቀቡት።