ወዳጃችሁ ረጅሙን ትራያትሎን ሊወዳደር ነው፤ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን የትራያትሎን ርቀት፣ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ ማለት ነው፣ የተወዳደረች ቀን፣ ሩጫው 30ኛ ኪሎ ሜትር ላይ እጠብቅሻለሁ ብያት ነበር። አልተገኘሁም። ርቦኝ ምግብ ፍለጋ ሄድኩ፣ ሰልፉ ረዘመብኝ፣ ስመለስ አልፋለች። ማታ የነገረችኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ከ26ኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም፤ "እዚያች መታጠፊያ ጋ ሳገኘው" እያለች ነበር የምትሮጠው። ደርሳ ስታጣኝ ቆመች። ግራ ቀኙን አይታ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ ከዚያ በእግሯ መራመድ ጀመረች፤ ወደ ሩጫ ለመመለስ ሁለት ኪሎ ሜትር ፈጀባት። ያን ቀን "በርቺ" እያልኩ ስጮህ ውዬ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። እሷ የምታስታውሰው ግን ያልነበርኩበትን ቦታ ነው።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ፤ እገኛለሁ ያላችሁበት ቦታ ተገኙ። ከታች የምጽፈው በአብዛኛው ይህንን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

መጀመሪያ የምታዩት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይግባችሁ። ሙሉው ርቀት፣ ብዙ ሰው አይረንማን የሚለው ማለት ነው፣ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሩጫው ብቻውን ሙሉ ማራቶን ነው። ግማሹ ርቀት 1.9፣ 90 እና 21.1 ነው። ለሙሉው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ገደብ 17 ሰዓት ያህል ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የጀመረ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። እናንተም አብራችሁ እዚያው ናችሁ።

ከውድድሩ በፊት

ድጋፉ የሚጀምረው በውድድሩ ቀን አይደለም። ወራት ሙሉ ቅዳሜና እሁዱ በልምምድ ያልቃል፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ እንቅልፉ ይመጣል፣ የቤቱ ሥራ እናንተ ላይ ይወድቃል። ይሄ ከበዳችሁ ውስጣችሁ ይዛችሁ አትብከንከኑ፤ ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ፣ የትኛው ቀን የእናንተ እንደሆነ ቁረጡ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ልምምዱ ይቀንስና ሰውየው ይነጫነጫል። ጉልበቴን አመመኝ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ይላል። ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ያልፋል።

ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ረጋ ባለ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ የምትጠይቋቸው። አንደኛው "ስትደክም ምን ብልህ ደስ ይልሃል?" የሚለው ነው። አንዱ ስሙን ብቻ መስማት ይፈልጋል፣ አንዱ "ትከሻህን ልቀቅ" እንዲሉት፣ አንዱ ደግሞ ምንም እንዳይሉት። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ "ማቆም እፈልጋለሁ ብትለኝስ ምን ልበል?" መልሱን በራሱ ቃል ይንገራችሁና ጻፉት። 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አልቅሶ ሲመጣ በራሳችሁ ጭንቀት ሳይሆን እሱ በሰላሙ ጊዜ ባለው ነው የምትመልሱለት።

ከዚያ ሰዓቱን አብራችሁ አስሉ። ሦስት ግምት ይስጣችሁ፤ ቀኑ ከቀናው፣ መካከለኛ ከሆነ፣ ከተበላሸ። ለምሳሌ መካከለኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምራል፣ ዋናው 1 ሰዓት ከ20 ይፈጅበታል፣ 2፡20 ላይ ከውሃ ይወጣል። ልብስ መቀየሪያው 10 ደቂቃ፣ 2፡30 ላይ ብስክሌት። 6 ሰዓት ከ45 ጋልቦ 9፡15 ላይ ይመለሳል። ሌላ 10 ደቂቃ፣ 9፡25 ላይ ሩጫ። በ5 ሰዓት ከሮጠው ማታ 2፡25 ላይ ይጨርሳል። ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ስልክ ላይ ብቻ አይሁን፤ ባትሪ ያልቃል።

ካርታውን አይታችሁ የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ። ሦስት ወይም አራት ቦታ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ቃል አትግቡ። የመንገዱን የትኛውን ጎን እንደምትይዙም ተስማሙ፤ በግራ በኩል የሚፈልጋችሁ ሰው በቀኝ ብትጮሁ አያያችሁም። ከሩቅ የሚለይ አንድ ነገር ልበሱ፣ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ፣ እና ቀኑን ሙሉ አትቀይሩት።

በዋዜማው ብስክሌቱንና ዕቃውን ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ከተማ ላሳይህ፣ ዘመድ እንጠይቅ አይባልም፤ እግሩን ሰቅሎ ይረፍ። በልቶት የማያውቀውን ምግብም አታቅርቡለት፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን።

ዋናውና ብስክሌቱ

ስለ ዋናው እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምንም አታዩም። ሁሉም ጥቁር የዋና ልብስ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ኮፍያ፣ ሁሉም ፊቱ በመነፅር የተሸፈነ ነው። ውሃው ላይ የሚታየው ክንድ ብቻ ነው። ከውሃው ዳር ይልቅ መውጫው ጋ ቁሙ፤ እዚያ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት፣ አንዳንዱም ሚዛኑን እስኪያገኝ ይንገዳገዳል። አትደንግጡ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በሆዱ ተኝቶ የቆየ ሰው ድንገት ሲቆም እንደዚያ ነው።

ብስክሌቱ ላይ ደግሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ያልፋል። 40 ሜትር ላይ ብታውቁት አምስት ሰከንድ አላችሁ። ስለዚህ ከቻላችሁ ዳገት ወይም መታጠፊያ ምረጡ፣ እዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ካያችሁት ይበቃል፤ ከዚያ ሂዱ፣ ብሉ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ጋደም በሉ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ልጆችም ካሉ የሚተኙት አሁን ነው። እኔ ምሳዬን በዚህ ሰዓት በልቼ ቢሆን ኖሮ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እገኝ ነበር። መንገድ ስለሚዘጋ መኪናችሁን ጠዋት የት እንደምታቆሙም አስቡበት፤ ውስጥ ከቀረ እስከ ማታ ላይወጣ ይችላል።

በዚህ መሃል ስልካችሁ ላይ፣ በውድድሩ መከታተያ አፕ ውስጥ፣ እሱ የት እንደደረሰ የምታሳየው ነጥብ ታስጨንቃችኋለች። ተወዳዳሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቺፕ፣ ሰዓቱን የሚያስመዘግብ ትንሽ መሣሪያ፣ ያስራል፤ ቺፑ የሚመዘግበው የተወሰኑ ቦታዎች ላይ መሬት የተነጠፈ ምንጣፍ ሲያልፍ ነው። በአብዛኞቹ አፖች ላይ በሁለት ምንጣፍ መካከል የምታዩት እንቅስቃሴ ግምት ነው። ነጥቧ እየሄደች እሱ ግን ጎማ ለመቀየር ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ነጥቧ ቀጥ ብላ እሱ በሰላም እየጋለበ። 20 ደቂቃ ዘገየ ማለት አደጋ ደረሰበት ማለት አይደለም። ለቤተሰብ ግሩፕ "ጠፋ" ብላችሁ አትጻፉ፣ እናት ልብ ላይ እሳት መጫን ነው።

ሩጫው

የእናንተ ሰዓት ይሄ ነው። ሩጫው ብዙ ጊዜ በዙር ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ ታገኙታላችሁ፣ ቀስ ብሎም ስለሚመጣ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ።

"ደርሰሃል"ን ተዉት። "ትንሽ ነው የቀረህ"ንም። 10ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ሰው 32 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል፣ ደግሞ ያውቀዋል፤ አእምሮው ከመቁጠር በቀር ሌላ ሥራ የለውም። አይዞህ፣ በርታ፣ ጎበዝ፤ እነዚህ አይጎዱም፣ ስሙ ከተጨመረበት ደግሞ ይበልጥ ይሠራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተጨባጭ ነገር ነው፦ "ቀጣዩ ዙር እዚሁ ነኝ።" ካላችሁ፣ እዚያው ሁኑ።

አሁን ወደ ሕጉ። ውሃ፣ ጄል (ጉልበት የሚሰጥ ጣፋጭ ዝልግልግ ምግብ)፣ ጃኬት፣ ምንም ነገር አታቀብሉ። ከጎኑ አትሩጡ፣ በብስክሌትም አትከተሉት። ይሄ የውጭ እርዳታ ይባላል፤ ሊያስቀጣው ወይም ከውድድሩ ሊያሰርዘው ይችላል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1978 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ላይ የመጀመሪያው አይረንማን ሲካሄድ 15 ሰዎች ጀምረው 12 ጨረሱ፤ ያኔ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምግብና መጠጥ የሚያቀብሉት የራሱ ረዳቶች ነበሩት። ጆን ደንባር ሩጫው ላይ እያለ ረዳቶቹ ውሃ አለቀባቸውና ቢራ ሰጡት። እሱ ሁለተኛ ወጣ፣ ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ። ዛሬ መጠጡ ከአዘጋጆቹ ጣቢያ ነው የሚወሰደው፣ እናንተ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። የምትወዱት ሰው ሲጠማው እያዩ እጅን መሰብሰብ ከባድ ነው። ግን የስንት ወር ልፋቱን በአንድ ጠርሙስ እንዳታበላሹበት። የመጨረሻውን መስመር ልጁን ይዞ ማለፍም በብዙ ውድድር ያሰርዛል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ዝም አትበሉ። ድካምና አደጋ ይለያያሉ። የደከመ ሰው ያማርራል፣ ያለቅሳል፣ ይራመዳል፣ ግን ስትጠሩት ይመልሳል። የሚያወራው ከተምታታበት፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ካላወቃችሁ፣ እዚያው ያለውን የሕክምና ሠራተኛ ጥሩ። ውድድሩ ይቅር። እና "ውሃ ጠጣ፣ ውሃ ጠጣ" እያላችሁ አትወትውቱት፤ ባዶ ውሃ ከመጠን በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያቀጥነዋል፣ ይሄ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል።

ሲመሽ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መንገዱ ጭር ይላል፣ የጫማ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ የቆጠባችሁትን ጉልበት አሁን አውጡ። ለማታውቁትም ሰው ጩኹ፤ ብዙ ጊዜ ደረቱ ላይ ካለው ቁጥር ስር ስሙ ተጽፏል፣ አንብባችሁ ጥሩት። በጨለማ ስሙን የሰማ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚቀየር ታዩታላችሁ።

ከገባ በኋላ

የመገናኛ ቦታችሁ ቀድሞ ይታወቅ፤ መጨረሻው ጋ ያለው ግርግር ሰው ያጠፋፋል፣ የእሱ ስልክም ሻንጣ ውስጥ ነው። እህቴ ስትወጣ ለጨረሱ ሰዎች እንዳይበርዳቸው የሚሰጠው ብርማ ፕላስቲክ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ጉንጯ ላይ ላቡ ደርቆ እንደ ዱቄት ነጭ ጨው ሆኗል፣ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቅቷቸዋል። ሙቀት ቢኖርም ይበርዳቸዋል። ስለዚህ ደረቅ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብና ሰፊ ነጠላ ጫማ ይዛችሁ ጠብቁ፤ እግር ስለሚያብጥ ጠባብ ጫማ አይገባም። ሲበላ የዋለው ጣፋጭ ስለሆነ ጨው ያለው ነገር ነው የሚያምረው። አሁን ካልበላህ ብላችሁ አታስገድዱት፣ ሆዱ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ብስክሌቱንና ሻንጣውን እናንተ ማውጣት ትችሉ እንደሆነ፣ የምታሳዩት ወረቀት ካለም ጠዋት ላይ አጣሩ። መኪና እሱ አይነዳም።

ስንት ሰዓት ገባህ አትበሉት። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እሱም ያውቀዋል።

ካልጨረሰስ? ይሄም ያጋጥማል። "ቢያንስ ሞክረሃል" አይባልም፣ "ሌላ ጊዜ ታደርገዋለህ"ም በዚያ ምሽት አይባልም። ሹራቡን አልብሱት፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እሱ ሲያወራ ስሙ።

በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ በጎኑ ነው፣ ከወንበር ሲነሳም ጠረጴዛ ይዞ። ከዚያ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን አንድ ባዶነት ሊመጣበት ይችላል፤ ለወራት የኖረለት ነገር አልቋል። ያኔ ይጠይቃችኋል፤ የት ቆማችሁ ነበር፣ ምን ይመስል ነበር፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየኸኝ? ከቀኑ ብዙውን አያስታውሰውም። ስለዚህ ያያችሁትን በዚያው ቀን ስልካችሁ ላይ ከነሰዓቱ ጻፉት፦ "10፡40፣ ድልድዩ ጋ፣ ሳቀ።" "12፡15፣ ዝናብ ጀመረ፣ ቀና ብሎ አላየም።" ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያው አንብቡለት።