የቤት ኤሲ የሚጥለውን ሙቀት ወደ መዋኛ ገንዳ ማዞር

የቤት ኤሲ ሥራው ከክፍሎቹ ሙቀት እየሰበሰበ ጓሮ በቆመው ኮንደንሰር በኩል ወደ ውጭ መጣል ነው። ከኮንደንሰሩ ማራገቢያ በላይ እጁን የዘረጋ ሰው የሚያገኘው ትኩስ ነፋስ፣ ከቤቱ የወጣው ሙቀትና በኤሲው ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚዞረውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕረሰር የበላው ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ተደምረው ነው። በፍሎሪዳ፣ በሂውስተን፣ በዳላስ ወይም በላስ ቬጋስ ገንዳ ያለው ቤት የገዙ ቤተሰቦች ይህን ሙቀት በአየር ላይ እየበተኑ፣ እዚያው አጠገብ ያለውን ውሃ ለማሞቅ ደግሞ ለጋዝ ይከፍላሉ። ሙቀቱን ወደ ገንዳው ማዞር ይቻላል። ነገር ግን ለሁሉም ቤት የሚያዋጣ ስላልሆነ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት ስሌቱን መሥራት የግድ ነው።

በአሜሪካ የኤሲ አቅም የሚለካው በቶን ሲሆን፣ 1 ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ወይም 3.5 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከቤት ያወጣል። ባለ 3 ቶን ኤሲ እንግዲህ 10.5 ኪሎዋት ያህል ከቤቱ ያነሳል፤ የኮምፕረሰሩ ኃይል ሲታከልበት ውጭ የሚጥለው 13 ኪሎዋት ገደማ ይደርሳል። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር የሆነ ገንዳ 45,000 ሊትር ወይም 12,000 ጋሎን ያህል ውሃ ይይዛል፤ ይህን ሁሉ ውሃ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 52 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ 4 ሰዓት ያህል ቢሠራ፣ በመሐል የሚባክን ሙቀት ከሌለ፣ ገንዳው በ1 ዲግሪ ይሞቃል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ቴርሞስታቱ የተከፈተበት ሰዓት ሳይሆን ኮምፕረሰሩ በእርግጥ የሠራበት ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ።

የሚባክነው ሙቀት ግን ቀላል አይደለም። ክፍት ገንዳ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያጣው በትነት ሲሆን፣ ከላይ ከጠቀስነው ገንዳ በአንድ ቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ቢተን 160 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ በድምሩ ከ100 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠፋል። ይህም ኤሲው 8 ሰዓት ሠርቶ ያመጣውን ሙቀት ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። እንደ ላስ ቬጋስ ባለ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ይህን ያህል ውሃ መትነኑ የተለመደ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ፣ ከቧንቧውም፣ ሙቀቱን ወደ ውሃው ከሚያሻግረው መለዋወጫም በፊት፣ ማታ ማታ ገንዳው ላይ የሚዘረጋ የፕላስቲክ ሽፋን መግዛት ነው። ሽፋን ለመግዛት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው የቀረውን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የወቅት ጉዳይ ነው። በጁላይና በኦገስት ኤሲው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ገንዳው ግን በፀሐዩ ብቻ ከሚፈለገው በላይ ይሞቃል፤ በጃንዋሪ ደግሞ ገንዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ኤሲው ግን አይሠራም። ጥቅሙ የሚገኘው ሁለቱ በሚገናኙባቸው ወራት፣ ማለትም በኤፕሪል፣ በሜይና በኦክቶበር አካባቢ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በተለይም በጥላ ወይም በወንፊት መረብ የተከለለ ገንዳ ላለው ቤት፣ እነዚህ ወራት ይረዝማሉ።

ስሌቱ ካዋጣ የሚገዛው ዋና ዕቃ የሙቀት መለዋወጫ ነው። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በአንድ ወገን፣ የገንዳው ውሃ በሌላ ወገን ያልፍበታል። የውስጥ ቱቦው ታይታኒየም መሆን አለበት፤ ተራ መዳብ በክሎሪንና በጨው ይበላል፣ ቱቦው ከተበሳ ደግሞ ውሃ ወደ ጋዙ መስመር ገብቶ ኮምፕረሰሩን ይገድላል። ለቤት ሙቅ ውሃ የሚሸጠው ትንሹ መለዋወጫ ከጋዙ የሚወስደው የሙቀቱን ጥቂት ክፍል ብቻ በመሆኑ ለገንዳ አይበቃም፤ የኤሲውን ሙሉ አቅም የሚሸከመውን ይጠይቁ።

መለዋወጫው የሚገባው በኮምፕረሰሩና በኮንደንሰሩ መካከል ነው። ጋዙን ማውጣት፣ ቧንቧውን መበየድ፣ መስመሩን በቫኪዩም ማድረቅና በልክ መልሶ መሙላት የባለሙያ ሥራ ነው፤ በአሜሪካ ሕግም የጋዙን መስመር የሚከፍት ሰው በንጹሕ አየር ሕጉ (Clean Air Act) ሴክሽን 608 መሠረት የተሰጠ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ በሚሠሩ አዳዲስ ኤሲዎች ውስጥ የሚገኙት አር-32 እና አር-454ቢ የተባሉት ጋዞች በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆኑ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። የአምራቹ ዋስትና ሊቋረጥ እንደሚችል አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ፍጥነቱን ራሱ የሚቀያይር ኢንቨርተር ኤሲ ካለዎት ደግሞ፣ መቆጣጠሪያው ለውጡን እንደ ብልሽት ሊቆጥረው ስለሚችል፣ ሐሳቡን ትተው የፀሐይ ማሞቂያ ቢያስቡ ይሻላል።

የውሃውን ወገን ግን ቧንቧ የሚያውቅ የቤት ባለቤት ራሱ ሊሠራው ይችላል። መስመሩ ከፓምፑና ከማጣሪያው በኋላ፣ ከክሎሪን መጨመሪያው በፊት ይቀጠላል፤ ፓምፑ ሲቆም ክሎሪን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የማይመልስ ቫልቭ ይገባበታል። የጋዝ ማሞቂያ ካለ፣ ውሃው መጀመሪያ በመለዋወጫው አልፎ ወደ እሱ ይሂድ፤ ማሞቂያው የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ለመለዋወጫው ለእያንዳንዱ ቶን በደቂቃ 11 ሊትር ወይም 3 ጋሎን ያህል ይበቃዋል፤ የቀረው ውሃ በጎን ባለ መስመር በቀጥታ ይለፍ።

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው መቆጣጠሪያው ነው። ገንዳው ሙቀት ሲፈልግና ውሃው ሲፈስ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ ይጠፋል፣ ሙቀቱም ወደ ውሃው ይሄዳል። ገንዳው የተመደበለትን ሙቀት፣ ለምሳሌ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም 82 ፋራናይት፣ ሲደርስ ወይም ፓምፑ ሲቆም ማራገቢያው ወዲያውኑ መነሳት አለበት። ካልተነሳ የጋዙ ግፊት ሽቅብ ይወጣና የመከላከያ ማብሪያው ኤሲውን ያጠፋዋል። ለዚህም የገንዳ ቴርሞስታት፣ የውሃ ፍሰት መለያና ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስፈልጋሉ፤ የፓምፑ ሰዓትም ኤሲው በብዛት ከሚሠራበት ከከሰዓት በኋላ ጋር ይገጣጠም። ውጭ ያለው አየር 38 ዲግሪ ሲሆን 26 ዲግሪ በሆነ ውሃ የሚቀዘቅዝ ጋዝ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል፣ ኮምፕረሰሩ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ብዙ ሰው የማያስበው ጥቅም ይህ ነው። በሌላ በኩል ውሃው ገና በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ግፊቱ ከሚገባው በታች ስለሚወርድ፣ ፍሰቱን እንደ ግፊቱ የሚቀንስ ቫልቭ ያስገጥሙ።

ሲጀመር ወደ መለዋወጫው የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ በቴርሞሜትር ይለኩ። ፍሰቱ ትክክል ከሆነ ልዩነቱ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል፤ በጣም ከበዛ ውሃው አንሷል፣ ከ2 ዲግሪ በታች ከሆነ ደግሞ ወይ ውሃው በዝቷል ወይ ሙቀቱ አሁንም በማራገቢያው እየወጣ ነው። ኤሲው በክረምት ቤት የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ ከሆነ፣ በዚያ ወቅት መለዋወጫው ከሥራ ውጭ እንዲሆን መቆጣጠሪያው ይዘጋጅ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ በወረደው ብርድ ስንት ቤት ቧንቧው እንደፈነዳ የሚያስታውስ ሰው፣ ከመለዋወጫው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የማፍሰሻ ቫልቭ ሳያስገባ ሥራውን አይረከብም።